እግሬ የረገጠው የቀኙን ጎማ ብቻ ነውን?

ሐዋሳን የሚያውቅ ሁሉ አሞራ ገደልን ያውቃል። አባ ኮዳዎች ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጀርባ ቆመው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ፤ ወጣቶች ቆሮሶውን በገዢው ፊት ገፈው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው ያስረክባሉ። አንድ እሑድ ማለዳ ከልጄ ጋር ወደዚያ ስንደርስ አንድ ሕፃን ከመኪናዬ ፊት ድንገት ገባ። ፍሬን ያዝሁ። ከፊት ጎማ ብረት ብረትን የሚፍቅ ድምፅ ወጣ፤ መኪናዋም መቆም ከሚገባት ቦታ አልፋ፣ ከሕፃኑ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆመች። እናቱ ልጇን አቅፋ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ከስድብ ሁሉ የከበደኝ ያ ዝምታዋ ነው።

በሰፈሬ ያለ መካኒክ ጎማውን ፈትቶ አሳየኝ። የፊት ቀኝ ጎማ የውስጥ ሸራ እስከ ብረቱ አልቋል፤ የውጩ ከግማሽ በላይ ቀርቶታል፤ የግራው ጎማ ሁለቱም ሸራዎች ደኅና ናቸው። መኪናዋ ገና 14,000 ኪሎ ሜትር መሄዷ ነው። «ጋሼ፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ደርቆ ተይዟል። እኔ ከነካሁት ግን ዋስትናው ፈረሰ ይሉዎታል» አለኝ። ፎቶግራፍ አንሥቼ፣ በማግስቱ በዝግታ እየነዳሁ ወደ ሻጩ ድርጅት የጥገና ክፍል ሄድሁ።

የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ መኪናዋን ሳያይ ፈረደ፦ «ሸራ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ዋስትናው አይሸፍነውም። የአነዳድ ጉዳይ ነው።»

የመጀመሪያው ቃሉ እውነት ነው። ሸራ የተሠራው ሊያልቅ ነው፤ ለዚህም ድርጅቱን አልወቅስም። ሁለተኛው ቃሉ ግን ፍርድ ነው። የፍሬን መርገጫ አንድ ነው፤ ግፊቱ በዘይቱ አማካይነት ለግራውም ለቀኙም እኩል ይደርሳል። ሰው ፍሬን ቢያበዛ የሁለቱም ጎማ ሸራ አብሮ ያልቃል። «እግሬ የረገጠው የቀኙን ጎማ ብቻ ነውን?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከተማው ቁልቁለት ይበዛዋል» አለኝ። ሐዋሳ! ብስክሌት የነዳ ሕፃን ሁሉ ሜዳነቷን የሚመሰክርላት ከተማ!

መኪናዋ ስትፈታ ልይ ብል «ደንበኛ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተጠቆመልኝ። እንግዲህ ማስረጃው ከበሩ ወዲያ፣ ፍርዱ ከበሩ ወዲህ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ከዚያ አስቀድሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ አድርጎታል። ሕግ አላጣንም፤ ያጣነው ሕጉን ይዞ ከበሩ የሚያልፍ ሰው ነው።

ከሦስት ሰዓት ክርክር በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ወጥቶ ፎቶግራፉን አየና አስገባኝ። ፒኑ በእርግጥ ደርቆ ነበር። ፒኑን በነፃ ለወጡ፤ ሸራውን እኔ ከፈልሁ። ተገቢ ነው አልልም፤ የደረቀ ፒን የበላውን ሸራ ደንበኛ ሊከፍልበት አይገባም ነበርና። ከገንዘቡ ይልቅ የተሟገትሁት በሥራ ማዘዣው ላይ ስለሚሰፍረው ምክንያት ነው። «መደበኛ ማለቅ» ብለው ጻፉ፤ አልፈርምም አልሁ። በመጨረሻ «የተያዘ ፒን» ተብሎ ተጻፈልኝ። ያች ቃል ባትጻፍ፣ ነገ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ጉድለት ይዞ ሲመጣ እርሱም «መጥፎ ነጂ» ተብሎ ይሸኛል።

ይህ የመኪና ነገር ብቻ አይደለም። የመብራት ቆጣሪ ቢዛነፍ «አጠቃቀማችሁ ነው»፣ ፋይል ቢጠፋ «በሰዓቱ አልመጣህም» እንባላለን። መለኪያውን የያዘው አካል መለኪያውን ሳያሳይ ጥፋቱን በእኛ ላይ ይጥላል፤ እኛም ደክሞን እንከፍላለን። ውድ አንባቢ ሆይ፤ አሮጌውን ዕቃ አሳዩኝ በል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ፤ ያላመንህበትን አትፈርም።

በሚቀጥለው እሑድ ተመልሼ አሞራ ገደል ወረድሁ። አንዱ ወጣት ዓሣውን በፊቴ ገፎ ሥጋውን ሰጠኝ፤ አጥንቱን ለአባ ኮዳው ወረወረ። በዚያ የሣር ዳስ ሥር የተደበቀ ነገር አልነበረም።