ሲሸጡ አገር፣ ሲከፍሉ ቀበሌ

ዛሬ ጠዋት እህቴ ከለንደን ደወለች። የኢንሹራንሱ መልስ መጥቷል። አንከፍልም ብለዋል።

ነገሩን ከመጀመሪያው የተከታተላችሁ ታውቁታላችሁ። ነሐሴ 16 ለሚጀምረው የሴቶች በዓላችን፣ ለዘንድሮው ሶለል፣ ልትመጣ ነበር። ትኬቱን ከፋሲካ በፊት ቆረጠች፤ የጉዞ ኢንሹራንሱንም በዚያው ዕለት ገዛች። እማ ቅቤውን አንጥራ ጨርሳለች፣ ሙክቱ ጓሮ ታስሯል፣ ለእህቴ ትንሽ ልጅ የሚሆነው ጥልፍ ቀሚስ ወልድያ ተሰፍቶ መጥቷል። ከዚያ ግን ልጅቱ ትምህርት ቤት ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ሐኪሙ አውሮፕላን አትሳፈርም አለ፤ ጉዞው ቀረ። የልጅ አካል መሰበር ውሉ ላይ በግልጽ ከተጻፉት የመሰረዣ ምክንያቶች አንዱ ነው። የሐኪሙን ደብዳቤ፣ የራጁን ውጤት፣ የትኬቱን ደረሰኝ አያይዛ ላከች።

የመጣው መልስ ስለ እግሩ አንድም ቃል የለውም። ስለ ከተማችን ስለ ቆቦ ነው የሚያወራው። የብሪታንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዜጎቹ ወደ አማራ ክልል እንዳይጓዙ ይመክራል፣ በካርታው ላይ አካባቢው ቀይ ነው፣ ሚኒስቴሩ አትሂዱ ወዳለበት ቦታ የታሰበ ጉዞ በውሉ አይሸፈንም። ያለቀለት ነገር አድርገው ነው የጻፉት።

ውሉን ስትገዛ ቅጹ የጠየቃት የምትሄድበትን አገር ነው። ኢትዮጵያ ብላ መረጠች፣ ገንዘቡን ተቀበሏት። ከተማ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። ካሳውን ስትጠይቅ ግን የምታርፍበትን አድራሻ ሙሉ አሏት። ቆቦ ብላ ሞላች። ሲሸጡ አገር ይጠይቃሉ፣ ሲከፍሉ ቀበሌ ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለ ውል ፍትሐዊ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ያስረዳኝ፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

እማ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ፣ «ልጄ፣ እግሯ የተሰበረው ለንደን፤ ቆቦ ምን አድርጋ ነው የምትከሰሰው?» አለቻት። እህቴ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።

ጎረቤቶቻችን ደግሞ ግራ ገብቷቸዋል፤ «እሷ የእንግሊዝ ፓስፖርት እያላት ኢንሹራንስ ምን ያደርግላታል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ የጉዞ ኢንሹራንስ የሚታወቀው ከሸንገን ቪዛ ፋይል ጋር ነው። ኤምባሲው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ወረቀት ይጠይቃል። እሱም ድንገተኛ ሕክምናን፣ በሽተኛ ወይም አስከሬን ወደ አገር መመለስን እንጂ ለቀረ ጉዞ የተከፈለን ገንዘብ ማስመለስን አይመለከትም። የስረዛ ሽፋን ሌላ ነው። ስለዚህኛው ለእህቴ የነገረቻት አብራት የምትሠራ እንግሊዛዊት ናት። እሷ የመርከብ ሽርሽር ወዳጅ ነች። የመርከብ ድርጅቶች የመነሻው ቀን በቀረበ ቁጥር ከሚመልሱት ገንዘብ ላይ የሚቆርጡት እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሙሉውን ያስቀሩታል። ስለዚህ መርከብ የለመደ ሰው ቀብድ በከፈለበት ቀን መድኑንም ይገዛል። ሴትዮዋ ባርሴሎና ላይ ልትሳፈር ስትል እናቷ ዳሌዋን ተሰበረች፤ ኢንሹራንሱ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ከፈላት። የእህቴም ምክንያት ያው ስብራት ነው። ባርሴሎና ግን በካርታው ላይ ቀይ አይደለችም።

ከላይ ሶለል ስል ደግሞ ያለፉት ሁሉ መጡብኝ።

በ2013 ነሐሴ 16 ቀን ቆቦ በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ነበረች። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባንክ የለም። ጳጉሜን 4 በሰላማዊ ሰዎች ላይ የተፈጸመውን ግድያ እዚህ አልዘረዝረውም፤ የቆቦ ልጆች ታውቁታላችሁ። እህቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ የማይጠራ ስልክ ስትደውል ከረመች። ታኅሣሥ 2014 ላይ ከተማዋ ተለቀቀች። አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና አገር ቤት ይግባ የሚለው ጥሪም የዚያን ሰሞን ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ደግሞ የእንግሊዝና የአሜሪካ መንግሥታት ዜጎቻቸውን ከኢትዮጵያ ውጡ ብለዋል። በጥሪውና በማስጠንቀቂያው መካከል የሚሸፍናት ውል አልነበረም። ያለ ምንም ኢንሹራንስ አዲስ አበባ መጣች፤ እማን እዚያው አግኝታ አልቅሳ ተመለሰች።

በቀጣዩ ነሐሴ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከበሮ አነሡ፤ 2014 ነው። በ16 ጀመሩ፣ በ18 ንጋት ላይ ጦርነቱ እዚሁ በእኛ በኩል አገረሸ። በ2015 ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር የሚደረጉት በረራዎችም ለቀናት ተቋረጡ። ሦስት ሶለል በተከታታይ! የሶለል እህት በዓላት፣ የዋግ ሻደይ፣ የላስታ አሸንድዬ፣ የትግራይም አሸንዳ እንዲሁ ናቸው፤ ስለ ሁሉም አዝናለሁ። የእህቴ ልጅ ግን ሶለልን የምታውቀው ከዩቲዩብ ነው። ዘፈኑን በእንግሊዝኛ አፍ ስትለው እማ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ዘንድሮ ከአክስቶቿ ልጆች ጋር ቤት ለቤት ልትዞር ነበር።

የሚኒስቴሩ ምክር ሐሰት ነው አልልም። እዚህ ያለውን ነገር እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ጦርነት ቢከለክላትና ክፈሉኝ ብትል ኖሮ ጦርነት አንሸፍንም ማለታቸው ይገባኝ ነበር፤ የጦርነት ኪሣራ ከብዙ ውሎች ውጭ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እሷ የጠየቀችው ለንደን ትምህርት ቤት ውስጥ ለተሰበረ እግር ነው።

የእንግሊዝ ሕግ ራሱ ለዚህ መከራከሪያ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኢንሹራንስ ሕግ አንቀጽ 11፣ ደንበኛው ያላከበረው የውል ቃል ለደረሰው ጉዳት የመድረስ ዕድል ምንም የማይጨምር ከሆነ ኩባንያው በዚያ ተመክቶ ክፍያ እንዳይከለክል ይገድበዋል። ኩባንያው ቃሉ የሽፋኑን ወሰን የሚያበጅ ነው ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ይከራከር። ቅሬታዋን ተቀብሎ የመጨረሻ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። ካልተስማማች ወይም መልስ ካጣች ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ ወደሚባለው ተቋም ትሄዳለች። የመጨረሻው መልስ ከደረሳት በኋላ ያላት ጊዜ 6 ወር ነው፤ አገልግሎቱም በነጻ ነው። ደብዳቤውን ዛሬ አብረን ጻፍነው፤ የእማንም ጥያቄ በትንሹ አለዝበን አስገባነው።

እንግሊዝ ሆናችሁ ወደ ቆቦ፣ ወደ ጎብዬ፣ ወደ ሮቢት፣ ወደ ዞብል የምትመጡ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የከተማችሁን ስም ጽፋችሁ ይሸፍናል ወይ ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡ። የሚኒስቴሩ ምክር ተጥሶም የሚሸፍኑ ልዩ ውሎች አሉ፤ ውድ ናቸው፣ አወዳድሩ። አውሮፕላኑን የሰረዘው አየር መንገዱ ከሆነ ግን ወደ ኢንሹራንስ ከመሮጣችሁ በፊት የትኬቱን ገንዘብ ከራሱ ከአየር መንገዱ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ የሚያስችለውን ሽፋን ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈጸማችሁ ከ14 እስከ 21 ቀን ውስጥ መገዛት አለበት፣ የሚመልሰውም ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። ቢያንስ ምክንያታችሁንና ቀበሌያችሁን አይመረምርም።

እንዲህ ዓይነት የ«አንከፍልም» ደብዳቤ የደረሳችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የእህቴን አቤቱታ ለመላክ ሦስት ቀን እንጠብቃለን።