የግራናዳ ትናንሽ ሳህኖች

ግራናዳን ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጋው ስለ አልሐምራ ቤተ መንግሥት ነው። እኛ ግን ዛሬ ለውድ አንባቢያን ልናወጋ የወደድነው ስለ ከተማዋ ማዕድ ነው። በሳህኖቿ ላይ ብዙ ታሪክ አግኝተናልና።

እስፔኖች ከመጠጥ ጋር በትንሽ ሳህን የሚቀርበውን ምግብ «ታፓ» ይሉታል፤ ክዳን ማለት ነው። በብዙ ከተሞች ታፓ በገንዘብ ይገዛል። በግራናዳ ግን መጠጥ ላዘዘ ሰው አንድ ሳህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣለታል። ምን እንደሚመጣ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ወጥ ቤቱ ነው። ለሙስሊም እንግዳ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በየመጠጥ ቤቱ ጣሪያ የደረቀ የአሳማ እግር ተደርድሮ ተሰቅሏል። ባቄላው ሳይቀር ከአሳማ ሥጋ ጋር ይሠራል። ወይኑም በየጠረጴዛው ይዞራል።

ስለዚህ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወደ አልባይሲን ሰፈር አመራን። ከሰፈሩ ግርጌ ባለው የካልደሬሪያ ኑዌቫ መንገድ የሻይ ቤቶችና የሞሮኮ ዕቃ መሸጫዎች ይገኛሉ። እዚያው አካባቢ ኸምር የማይሸጥበት፣ ሥጋው ሐላል የሆነ ጠባብ ምግብ ቤት አገኘን። ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ተኩል ነበር። እስፔኖች እራት የሚበሉት አምሽተው ነውና ቤቱ ገና መሙላቱ ነበር። ግማሹ ሰው ባንኮኒውን ተደግፎ ቆሞ ይበላል። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። አስተናጋጁ ሳህኖቹን በክንዱ ደርድሮ በሰው መሐል ይሹለከለካል።

ቢስሚላህ ብለን ጀመርን። መጀመሪያ የወይራ ፍሬ መጣ። ቀጥሎ በዘይት ተጠብሶ የሸንኮራ አገዳ ማር የፈሰሰበት ደበርጃን፣ ከዚያም ድንችና እንቁላል አንድ ላይ የተጠበሰበት «ቶርቲያ»፣ በመጨረሻም ሽምብራ ከስፒናች ጋር ቀረበልን።

የምግቦቹን ስም ስንጠይቅ ተደነቅን። ዘይት «አሴይቴ»፣ የወይራ ፍሬ «አሴይቱና»፣ ስኳር «አሱካር»፣ ሩዝ «አሮስ»፣ ደበርጃን «ቤረንሄና» ይባላል። ሁሉም ወደ እስፓኝኛ የገቡት ከዐረብኛ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮም እንግዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ711 እስከ 1492 በዘለቀው የሙስሊሞች አገዛዝ ዘመን ሩዙም፣ ሸንኮራ አገዳውም፣ ደበርጃኑም በአንዳሉስ እርሻ ተስፋፍተው ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ገበታ መራራ ታሪክም አለው። ግራናዳ በ1492 እጇን የሰጠችበት ውል ሙስሊሞች በሃይማኖታቸው እንዲኖሩ ይፈቅድ ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ውሉ ፈረሰ፤ ሕዝቡም በግዳጅ ተጠመቀ። ከዚያ ወዲያ ኢንኩዊዚሲዮን የተባለው ፍርድ ቤት ሰውን በሚበላውና በሚጠጣው ይጠረጥር ጀመር። አሳማ አለመብላትና ወይን አለመጠጣት ለክስ የሚያበቃ ምልክት ሆነ። በመጨረሻም ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት ወደ 300,000 የሚጠጉ የእነዚያ ሙስሊሞች ዝርያዎች ከእስፔን ተባረሩ።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። በ2003 በዚያው በአልባይሲን፣ ከአልሐምራ ፊት ለፊት፣ የግራናዳ ታላቁ መስጊድ ተከፍቷል። በምግብ ቤትም «ሲን ሰርዶ»፣ ያለ አሳማ ማለት ነው፣ ቢሉት አስተናጋጁ ጽፎ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ምክር እንጨምር፦ «ያለ ሥጋ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ቁራጭ የአሳማ ሥጋን እንደ ማጣፈጫ እንጂ እንደ ሥጋ የማይቆጥሩ ወጥ ሠሪዎች አሉና አሳማውን በስሙ ጠርቶ ማስከልከል ያስፈልጋል። ሾርባ ሲታዘዝም ከላዩ የሚነሰነሰውን መጠየቅ ነው።

ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሰው አገር የምትሄዱ ወጣቶች ሆይ! በጓደኞቻችሁ ፊት «ይህን አልበላም» ማለት ከብዷችሁ ይሆናል። በግራናዳ ይህችን ቃል መናገር ቤትንና አገርን ያሳጣበት ጊዜ ነበር። እኛ የሚጠበቅብን አስተናጋጁን በትሕትና መጠየቅ ብቻ ነው። ይህም ከአላህ ኒዕማዎች አንዱ ነውና አልሐምዱሊላህ እያልን እንጠቀምበት።