ቢቸናና ሞጣ፦ ስለ ገሃነም በእንባ መናገር

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ የዓባይን በረሃ ወርዳችሁና ወጥታችሁ ደጀን ስትደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ የቀኙ ወደ ቢቸናና ሞጣ ይወስዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ጉዞው እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዛሬ በልባችሁ ተከተሉኝና የቀኙን መንገድ እንያዝ። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው፤ በስተ ምዕራብ የጮቄ ተራራ ከፍ ብሎ ይታያል።

ቃል የሚመዘንበት አገር

በቢቸና አካባቢ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። በቅኔ ትምህርቱ የታወቀ ደብር ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ተምረውበታል። እዚህ አገር ሰው ሲናገር ሰሙም ወርቁም ይመረመራል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከመቶው 97 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው፤ ከቀሪው አብዛኛው ሙስሊም ነው። ሰው ሲሞት “ነፍስ ይማር” ይባላል። እንግዲህ ለዚህ ሕዝብ ፍርድና ገሃነም መኖሩን እንደ አዲስ ወሬ የምንነግረው አይደለም፤ ያውቃል። ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል፦ ስለ ገሃነም የምንናገረው በምን ዓይነት ልብ ነው?

ገሃነም የሚለው ስም የመጣው ከኢየሩሳሌም ደቡብ ካለው ከሄኖም ሸለቆ ነው። በዚያ ወላጆች ልጆቻቸውን በእሳት ይሠዉ ነበር፤ እግዚአብሔርም ይህን እንዳላዘዘና በልቡም እንዳላሰበ በኤርምያስ 7፥31 ተናግሯል። ጌታ ኢየሱስ ስለ ገሃነም በግልጽ አስተምሯል፤ እኛም ልንሸፋፍነው አንችልም። ነገር ግን በማቴዎስ 25፥41 የዘላለም እሳት ለዲያብሎስና ለመላእክቱ እንደ ተዘጋጀ ተናገረ። በሕዝቅኤል 33፥11 ደግሞ እግዚአብሔር በኃጢአተኛው ሞት ደስ እንደማይለው እናነባለን። አባታችን ደስ በማይለው ነገር ልጆቹ እንዴት ደስ ይለናል?

እሳት በሞጣ

ወደ ሞጣ ስንደርስ ልብ የሚሰብር ነገር እናስታውሳለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በከተማይቱ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። ይህን ስናስብ ሉቃስ 9ን እንክፈት። የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም ባለ ጊዜ ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ እንዲወርድ ፈለጉ። ጌታ ዘወር ብሎ ገሠጻቸው። ፍርድ የእግዚአብሔር ነው፤ እሳትን በጎረቤቱ ላይ የሚመኝ ሰው፣ በእጁ ባይለኩስም እንኳ፣ የጌታን ልብ አላወቀም። ጌታማ ወደማትቀበለው ከተማ ሲቀርብ አለቀሰላት።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ስትወርዱ ሰባራ ድልድይን ታገኛላችሁ። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ ጎጃምንና ጎንደርን ያገናኝ ነበር፤ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱ ያሻግሩት ነበር። ገመድ ያዡ ቢዘናጋ ከታች የሚጠብቀው ዓባይ ነው። በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ድልድዩ ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላም ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ወገኖቼ፣ አሻጋሪው ድልድይ ክርስቶስ ብቻ ነው። እኛ ግን ለሰው የምንጠነቀቀው እንደ ገመድ ያዦቹ ሊሆን ይገባል። ገመድ የያዘ ሰው በተንጠለጠለው ላይ አይስቅም፤ አይሳደብምም። በሉቃስ 16 ያለው ታላቅ ገደል ከሞት በኋላ አይታለፍም፤ ስለዚህ የመዳን ቀን ዛሬ ነው። በሲኦል የነበረው ባለጠጋ እንኳ ስለ አምስት ወንድሞቹ ለምኗል። ቤተ ክርስቲያን ከእርሱ ያነሰ ርኅራኄ ሊኖራት ይገባልን?

ለባልና ሚስት

በዚህ ሳምንት ሁለታችሁ ተነጋገሩና የአንድ ጎረቤታችሁን ስም ይዛችሁ በየማታው ጸልዩለት። ለቅሶ ካለበት ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ቡናውን አብራችሁ ጠጡ። ታቦቱን፣ መስጊዱን ወይም እናቱን የሚያቃልል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ስለ ተስፋችሁ ሲጠይቃችሁ በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 እንደ ታዘዝነው በየዋህነትና በፍርሃት መልሱለት። ስለ ፍርድ መናገር ሲኖርባችሁም አትደብቁ፤ ብቻ አስቀድማችሁ ስለ እርሱ በእግዚአብሔር ፊት አልቅሱ።

የቢቸናንና የሞጣን ሕዝብም በጸሎታችሁ አስቡ፤ ሰላም እንዲወርድላቸው ለምኑ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።