የወንድሜ ልክ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የታናሽ ወንድማችሁ ወገብ ስንት ነው? እኔ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ወንድሜ በአምስት ዓመቱ ከአባታችን ጋር ግላስጎው ገባ። እኔ ከእማዬ ጋር አዲስ አበባ ቀርቼ፣ ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ ተመርቄ የመጣሁት አምና ነው። ልጁ አሥራ ሰባት ሞልቶታል፤ እኔ ግን «ማሙሽ» ማለቴን አልተውኩም።

የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፓርቲው ደረሰ። ስኮትላንድ ውስጥ ለእንዲህ ያለው ቀን ብዙ ወንዶች ኪልት ይለብሳሉ፤ ባለ ሽንሽኑን የሱፍ ጉርድ ማለቴ ነው። «ወንድ ልጅ በጉርድ?» ብላችሁ እንዳትስቁ፤ የስኮትላንድ ደጋ ሬጅመንቶች አንደኛውን የዓለም ጦርነት የተዋጉት በኪልት ነው። ዛሬም ለሰልፍ ይለብሱታል። ችግሩ ዋጋው ነው፤ አንድ ኪልት ሰባት ሜትር ያህል ጨርቅ ይበላል። እኔም «ሸማች ነኝ» ብዬ ለብቻዬ ሠራዊቱ ያወጣውን ትርፍ ልብስ ወደሚሸጥ ሱቅ ሄድኩ።

ከውስጥ የተሰፋችው ጨርቅ ላይ «መጠን 5»፣ «ወገብ 32» የሚል ጽሑፍና የመንግሥት ንብረት መሆኑን የምታሳይ የቀስት ምልክት አለች። የልጁ ጂንስ 32 ነው። ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ስንለካው ዘለበቱ ከማሰሪያው አራት ጣት ራቀ። ማሙሽ ምንም አላለኝም። ዝም ማለቱ ባሰብኝ።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ውርደት የተማርኩትን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጂንስ ዳሌ ላይ ነው የሚውለው፤ ኪልት ግን ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ይታሰራል። በዚያ ላይ የጂንስ ፋብሪካዎች እኛን ደስ ለማሰኘት ቁጥሩን ያሳንሱታል፤ ሠራዊት ማንንም አያሞካሽም። ሁለተኛ፣ «መጠን 5» ወገብ አይደለም፤ ከሠራዊቱ የልኬት ሠንጠረዥ የመጣ ተራ ቁጥር ነው። ሦስተኛ፣ የድሮዎቹ በኢንች ሲሆኑ የቅርቦቹ በሴንቲ ሜትር ናቸው፤ 32 ኢንች 81 ሴንቲ ሜትር ነው። የቅርቦቹ ላይ አሥራ ሦስት አሃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ብታዩ አትደንግጡ፤ የኔቶ የዕቃ መለያ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው 99 ብሪታንያ ማለት ነው እንጂ የማንም ወገብ አይደለም።

ትምህርት ቤት «ምንጭህን አጣራ» ሲሉኝ ኖረው፣ እኔ ባለቤቱን ሳልጠይቅ ጨርቅ አምኜ ገዛሁ!

በማግስቱ ሜትር ይዤ ፊቱ ቆምኩ። አገጩን ለማየት ቀና ማለት ነበረብኝ። እምብርቱ ላይ 36 ኢንች ወጣ። ከእምብርት እስከ ጉልበቱ መሃልም ለካሁ። ከዚያ ሱቁ አብረን ሄድን። ኪልቶቹን ዘለበታቸውን እያሰርን ራሳቸውን ለካናቸው። ልኩ የሆነው የቱ እንደነበር ታውቃላችሁ? «34» የሚለው! የሬጅመንቱ ልብስ ሰፊ ለሆነ ወታደር ሲል ዘለበቱን አዛውሮታል፤ የድሮው መርፌ ቀዳዳ ይታያል። ጽሑፉን ግን የቀየረው የለም። ሻጩም የመጀመሪያውን ተቀብሎ ለወጠልን።

መስታወቱ ፊት ቆሞ ሽንሽኑን አስተካከለና በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «እህቴ፣ ማሙሽ አትበይኝ እሺ? ጓደኞቼ ፊት» አለኝ።

እሺ አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በስሙ ነው የምጠራው። አንዳንዴ ያመልጠኛል።