ማማን የምታውቃቸው ልጅ፦ ከሻርጃ የተጻፈ ማስታወሻ

ዱባይ፣ ሻርጃና ዓጅማን ተያይዘው ስላደጉ የአንዱ ማለቂያና የሌላው መጀመሪያ ለእንግዳ ዓይን አይለይም። ጠዋት መንገዱ ዱባይ ለሥራ በሚገቡ መኪኖች ይታፈናል። ከእኛ ሴቶች ብዙዎቹ ግን ያን መንገድ የሚያዩት በዕረፍት ቀናቸው ነው፤ የሚሠሩትም የሚያድሩትም አንድ ቤት ውስጥ ነው።

ዱባይ፣ ዴይራ ሰፈር ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ያገኘኋት የወሎ ልጅ፣ ሻርጃ ውስጥ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አንዲት እናት ታስታምማለች። «ማማ» ትላቸዋለች። ማማ ነዳጅ ከመውጣቱ በፊት ከዘንባባ ዝንጣፊ በተሠራ ቤት ያደጉ፣ የዕንቁ ጠላቂ ልጅ ናቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብድግ ብለው «ቤቴ ውሰጂኝ፤ አባቴ ከባሕር መጥቷል» ይላሉ። ልጃቸው «እሱ እኮ ከሞተ ቆየ» ሲላቸው መርዶው እንደ አዲስ ይሆንባቸውና ያለቅሳሉ። እሷ ግን «ምን ይዞ መጣ ማማ?» ብላ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ሄል ያለበት ቡና ከቴምር ጋር ታቀርባለች። ስለ መርከቡ ሲያጫውቷት ቆይተው ይረጋጋሉ።

ይህን ማንም አላስተማራትም። የብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲው ቶም ኪትውድ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ የተሟገተው ግን ለዚሁ ነው፦ ትዝታው ቢጠፋም ሰውየው አለ፤ አስታማሚውም ከበሽታው ይልቅ የታማሚውን ኑሮ፣ የሚወደውንና የሚያስፈራውን ይወቅ።

ክሊኒክ ሲሄዱ ሐኪሙ የሚጠይቀው ወንድ ልጃቸውን ነው፤ እሷ ቦርሳ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። አንድ ጊዜ ማማ በሁለት ቀን ውስጥ ፈዝዘው ሰው መለየት አቃታቸው። ቤተሰቡ በሽታው ባሰባቸው አለ። እሷ ግን ሽንት ሲሸኑ እንደሚያማቸው አይታ ነበርና ካልተመረመሩ ብላ ተሟገተች። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተገኘ፤ ታክመው ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመለሱ። አረጋውያን ላይ እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የሚወስዱት መድኃኒት የመርሳት በሽታን ይመስላል፤ ያለውንም ያባብሳል። ስለዚህ «መቼ ጀመራቸው?» የሚለው ጥያቄ ትልቁ ምርመራ ነው። መልሱም ያለው አብራቸው የምታድረው ልጅ ጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአገሪቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን የ12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ያልተቆራረጠ እንዲሆን ያዝዛል። ሌሊት ተነሥተው በር የሚፈትሹ እናት ባሉበት ቤት ይህ የሚሆነው ተተኪ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። እሷ ተተኪ የላትም፤ ይህ ደግሞ ትክክል አይደለም። ኮንትራቷን ጨርሳ ስትሄድ ስለ ማማ የምታውቀው ሁሉ አብሯት ይሄዳል፤ የትኛውም ካርድ ላይ አልተጻፈም።

እናንተም አዲስ አበባም ሁኑ ደሴ፣ እናታችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ አብራቸው የምታድረውን ልጅ ውጭ አታቁሟት። አስገቧት፤ ሐኪሙም እሷን ይጠይቃት።