የሳንጃው ሪፖርቴ

ሳንጃ ላይ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ከትምህርት ቤት ወደ ሥራ ለማሸጋገር የተካሄደ አንድ ፕሮግራም ነበር። የክዋኔ ኦዲቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። «የታቀደለትን ውጤት አስገኝቷል» ብዬ ፈርሜያለሁ። አላስገኘም፤ አለማስገኘቱንም ስፈርም አውቅ ነበር። የፕሮግራሙን ባለቤት ስም አልጠራም፤ የምናዘዘው የራሴን ነው።

ሰነዱ እንከን አይወጣለትም። የሠልጣኞች ስም ዝርዝር አለ። የአበል ክፍያው ከነፊርማው፣ መፈረም ለማይችሉት ከነጣት አሻራው ተያይዟል። የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ገቢ የሆኑበት ሞዴል 19፣ ለሠልጣኞቹ የተሰጡበት ሞዴል 22 በተራ በተራ ታስረዋል። በየወረዳው የተበጫጨቀ ደረሰኝ ሲለቅም የኖረ ኦዲተር እንዲህ ያለ ፋይል ሲያገኝ ልቡ ይለዝባል። የእኔም ለዘበ።

ከዚያ ናሙና መርጬ ቤት ለቤት ሄድኩ። አንዷ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ የወጣች ልጅ ነበረች፤ በልጅነት ልምሻ ሁለቱም እግሮቿ ሰልለዋል። መኪናዋ ጥግ ላይ ቆማለች፤ የተጠለፈ ጨርቅ ለብሳ፣ ከላይዋ ረከቦት ተቀምጦባታል። ረከቦቱን አስነስቼ፣ ጨርቁን ገልጬ ቁጥሯን ከሞዴል 22 ጋር አመሳከርኩ። ልክ ነው። መኪናዋ በእግር የምትረገጥ ነበረች።

እናትየው ቡና እየቆሉ፣ «ልጄ፣ በየትኛው እግሯ ትረግጣለች ብለው ነው የሰጧት?» አሉኝ። ልጅቷ ቀና ሳትል ሣቀች። ሥልጠናው ላይ ምን ትሠሪ ነበር ብላት፣ «ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፤ መኪናው ላይ ሌሎቹ ነበሩ» አለችኝ። አሁን የምትሠራባት ታናሽ እህቷ ናት፤ እሷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጎረቤት ቀሚስ ለመቀምቀም ያህል። በእጅ የምትዞር መኪና ቢገዛላት ኖሮ በዚያው ሙያ ትሠራ ነበር። ጉድለቱ ይህን ያህል ትንሽ፣ ይህን ያህል ግልጽ ነው። ማስታወሻዬ ላይ ግን «ንብረቱ በአግባቡ ተይዟል» ብዬ ጻፍኩ። ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት የለበትም፤ መኪናዋን አቧራ እንኳ አልነካትም። አላየሁም ብል ይቀለኝ ነበር። አይቻለሁ፤ ያየሁትን የምጽፍበት ዓምድ ቅጼ ላይ አልነበረም፣ እኔም አልጨመርኩም።

መስማት የተሳነውን ወጣት ያነጋገርኩት በአባቱ በኩል ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከጎንደር ይዤ መውረድ ነበረብኝ፤ በጀት አልተያዘለትም፣ እንዲያዝ አልጠየቅሁም። እኔ ስጠይቅ፣ አባቱ ሲመልሱ፣ ልጁ የሁለታችንን አፍ እያፈራረቀ ያይ ነበር። ሪፖርቱ «ተጠያቂው እንዳረጋገጡት» ይላል።

የወረድኩበት ጊዜ ደግሞ የሰሊጥ አጨዳ የደረሰበት ነበር። ሰሊጥ ደርሶ ከዘገየ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ ከሳንጃ እስከ መተማ፣ እስከ ሁመራ፣ ቆላው ሁሉ ማሳ ውስጥ ነው። ቤታቸው ያጣኋቸውን ሠልጣኞች «ሥራ ላይ» በሚለው ሥር መዘገብኳቸው። በየትኛው ሥራ? በሠለጠኑበት ይሁን፣ በማጨድ ይሁን፣ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ይሁን አላጣራሁም። የከተማው እንጀራ ሰሊጥ ከሆነ ከሚዛን፣ ከመጋዘን መዝገብ፣ ከማበጠር ሥራ ጋር የሚገናኝ ሥልጠና ለምን አልታሰበም የሚለውን ጥያቄም አላነሳሁም። ኦዲተር ሊጠይቅ የሚገባው ዋናው ጥያቄ ይህ ነበር።

መስፈርት አጣሁ እንዳልል አላጣሁም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል። አዋጁ የቅጥር ነው፣ ቤቷ ለምትሰፋ ልጅ አይሆንም ብዬ ተውኩት። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን በአንቀጽ 27 በግል ሥራ መተዳደርንና በኅብረት ሥራ መደራጀትንም ያካትታል። ስምምነቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አሜሪካኖች የልዩ ፍላጎት ትምህርታቸውን ሲለኩ ተማሪው ከትምህርት ቤት ከወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ የት እንዳለ ይጠይቃሉ፦ ኮሌጅ ገባ፣ ሥራ ያዘ ወይስ ቤት ቀረ? እኔ የለካሁት ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት መኪና ተሰጠ የሚለውን ነው፤ መለኪያውን የቀዳሁትም ከራሱ ከፕሮግራሙ ዕቅድ ነው። ተመርማሪው ባወጣው ፈተና ተመርማሪውን ፈትኜ አሳለፍኩ ማለት ነው።

ለምን? ጉድለቱን ብጽፍ ፕሮግራሙን ይዘጉታል፣ ለእነዚህ ልጆች ያለው ይህ ብቻ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያን ጊዜ ርኅራኄ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር በመውጫ ስብሰባው ላይ ፊት ለፊት መከራከሩንም ሸሽቻለሁ። ርኅራኄዬ ያመጣው ውጤት ይህ ነው፦ ለቀጣዩ ዙር ያው በእግር የሚረገጥ መኪና ተገዛ፤ ከግዢ ጥያቄው ጋር እንደ ማስረጃ የተያያዘው የእኔ ሪፖርት ነው።

የሪፖርቱ የውጤት ክፍል እንዲታረም ለመሥሪያ ቤቴ በደብዳቤ አመልክቻለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው ግን ሪፖርቱን ለዕቅድም ሆነ ለበጀት ጥያቄ ማጣቀሻ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ ስለ ሒሳቡና ስለ ንብረቱ የሚለውን ተጠቀሙበት፤ ሠልጣኞቹ ሥራ ይዘዋል የሚለውን ግን ሰርዙት።