የማለዳው ሞተር

ከጣራ ገዳም ግርጌ በአዲስ ዘመን ከተማ የሚኖር አንድ የእህል ነጋዴ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ነበረው። መኪናዪቱ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር እየወጣች እህል ታመላልስ ነበር። በአንድ ኅዳር ወር ግን ማለዳ ማለዳ ለመነሣት እንቢ አለች፤ ከብዙ ድካም በኋላ ብትነሣም ሚኒሞዋ አይረጋም፤ ቆማ ሳለች እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጥቅጣ ትጠፋለች። መንገድ ከያዘች በኋላ ግን ደኅና ትሄዳለች።

ነጋዴው ሾፌሩን ጠረጠረው። ቤንዚኑን ሸጦ ነጭ ጋዝ ቀላቅሎበታል ሲል የወር ደመወዙን ያዘበት፤ ቍልፉንም ተቀበለው። ሾፌሩ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ የልጆች አባት ነበረ። አስቀድሞ፦ «ጌታዬ፣ ፍሬኑም ከብዶብኛል፤ በብርቱ ካልረገጥሁት አይዝም» ብሎ ቢያመለክት የሰነፍ ምክንያት ነው ተብሎ ታልፎ ነበር።

ፊተኛው መካኒክ ጥፋቱን በደጋው ላይ ጣለ። አነጋገሩ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ይበልጣል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ 1 ኪሎ ቤንዚን ደግሞ በሚገባ ይቃጠል ዘንድ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ለቈላ የተመጠነ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል። መካኒኩም ቤንዚኑን ቀነሰው፤ መኪናዪቱም ባሰባት።

በዚያ አገር ከብረት ጋር መታገል አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1867 ነው፤ ወደ መቅደላ የጐተተውም የሰው ክንድ እንጂ ሞተር አልነበረም።

ሁለተኛው መካኒክ ሽማግሌ ነበሩ፤ መኪናዪቱን ከመንካታቸው በፊት ሾፌሩን አስጠርተው ጠየቁት። ከዚያም ሞተሪኖው በብርታት ያዞራልና ባትሪውን ተዉት። ካንዴላዎቹን ፈትተው ብልጭታቸውን አዩ፤ ሰማያዊና ብርቱ ነው። አፋቸው ግን ጥላሸት የለበትም፤ ነጥቷል። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ካንዴላውን ያጠቍራል፤ አየር የበዛበት ያነጣዋል። ከታንኩም ጥቂት ቤንዚን ቀድተው በነጭ ወረቀት ላይ አንጠበጠቡ፤ ምልክት ሳይተው ተነነ። ነጭ ጋዝ ቢኖርበት የቅባት ነቍጥ በቀረ ነበር። ነጋዴው ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ሁለት ጊዜ አገላበጠው።

እንግዲህ አየር ያለ መንገዱ ይገባል ማለት ነው፤ ነገር ግን በየት? ሽማግሌው የፍሬኑን ነገር አሰቡ። ፍሬኑን የሚያግዘው ዕቃ ኀይሉን የሚያገኘው ሞተሩ አየር ሲስብ ከሚፈጠረው ባዶነት ነው፤ ሁለቱንም አንድ ወፍራም የጎማ ቱቦ ያገናኛቸዋል። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ቱቦውን ከሞተሩ አጠገብ በፒንሳ ጨምቀው ያዙት፤ ሚኒሞው ወዲያው ረጋ። ቢለቁት እንደ ገና ተንቀጠቀጠ። ቱቦውን አውጥተው ቢያጥፉት ከበታቹ፣ ዐይን በማያየው በኩል፣ ተሰንጥቆ ተገኘ። ማለዳ ሞተሩ ቀዝቅዞ ቤንዚኑ በደንብ በማይተንበት ጊዜ ያ ትርፍ አየር እሳቱን ይከለክለዋል፤ መኪናዪቱ ስትፈጥን ግን የምትስበው አየር ብዙ ስለ ሆነ ስንጥቁ አይታወቅም።

«የደብረ ታቦርን ቍልቍለት በዚህ ፍሬን ትወርድ ነበርን?» አሉት።

«በየሳምንቱ፣ አባቴ፤ በአንደኛ ማርሽ» አለ ሾፌሩ።

አዲስ ቱቦ ገባ፤ የካርቡራቶሩም ልክ ወደ ቦታው ተመለሰ። ነጋዴው ቍልፉን ዘረጋለት። ሾፌሩ ግን እጁን ሳያነሣ የተያዘበትን ደመወዝ አስቀድሞ ጠየቀ፤ በሽማግሌው ፊት ተቈጥሮ ከተሰጠው በኋላ ቍልፉን ተቀበለ።